ኮንትራቱን መስመር በመስመር ላነበበችልኝ እህት ምስጋናዬ ይድረሳት

ይህን ለመጻፍ በአዲሱ ሥራዬ የመጀመሪያ በረራዬን እስክጨርስ ጠበቅሁ። ትናንት ማታ ጨረስኩ። አሁን አፌን ሞልቼ አመሰግናታለሁ።

አየር መንገዳችን በረራ ሲቀንስ ብዙዎቻችን ያለ ደመወዝ ቤት እንድንቀመጥ ተደረግን። ደብዳቤው «ሥራ ሲመለስ እንጠራችኋለን» ይላል። መቼ እንደሆነ ግን አይልም። እኔ የኤርባስ ኤ320 ረዳት አብራሪ ነኝ። ዘጠኝ ወር ተቀመጥኩ። ፓይለት ሲቀመጥ ሙያው ራሱ ከእጁ ይሸሻል። በ90 ቀን ውስጥ 3 መነሳትና 3 ማረፍ ካልሠራህ መንገደኛ ይዘህ አትበርም። በሲሙሌተር፣ ማለትም መሬት ላይ ባለ የበረራ ማስመሰያ፣ የምንወስደው ፈተና ጊዜው ያልፋል። ሜዲካሉ፣ የጤና ምስክር ወረቀታችን፣ በየዓመቱ መታደሱ አይቀርም፤ ያውም አሁን ከራስ ኪስ።

ማመልከቻ ያልላክሁበት ቦታ የለም። አብዛኞቹ መልስ እንኳ አልሰጡኝም። አንዱ ደግሞ «ለምዝገባ» ብሎ ገንዘብ ጠየቀኝ። ጨንቆኝ ስለነበር ልከፍል ምንም አልቀረኝም።

በዚህ መሃል አብሬው እበር የነበረ ካፒቴን የዚህችን እህት ስልክ ሰጠኝ። ፓይለት የሚመለምል ኤጀንሲ ውስጥ ነው የምትሠራው። የኤጀንሲውን ክፍያ የሚሸፍነው ቀጣሪው እንጂ ፓይለቱ እንዳልሆነ ገና ሳልጠይቃት ነገረችኝ።

የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ሎግቡክዎ አጠገብዎ አለ?» የሚል ነበር፤ የበረራ ሰዓታችንን የምንመዘግብበትን ደብተር ማለቷ ነው። በስልክ ገጽ በገጽ አስደመረችኝ። ማመልከቻዬ ላይ 4,310 ሰዓት ብዬ ጽፌያለሁ። ሎግቡኩ 4,286 ይላል። የ24 ሰዓቱ ልዩነት ከየት እንደመጣ እኔ ግራ ሲገባኝ እሷ አገኘችው። የሲሙሌተር ሰዓት ከበረራ ሰዓት ጋር ደምሬው ኖሯል። «ይቺን ቀጣሪው ቀድሞ ካገኛት ውሸት ነው የሚላት። አሁኑኑ እናስተካክላት» አለችኝ። ስንቱ ቦታ በዚህ ምክንያት ዝም እንዳለኝ አላውቅም። ብቻ ያን ቀን ደንግጫለሁ።

ወረቀቱንም ያለ እሷ አልወጣውም ነበር። አውሮፕላኑ የተመዘገበበት አገር የእኔን ላይሰንስ መቀበል አለበት። ለዚያ ደግሞ ላይሰንሱን የሰጠኝ መሥሪያ ቤት ማረጋገጫውን በቀጥታ እንዲልክ ተጠየቀ። በየሳምንቱ ሰኞ ትደውላለች። «ደረሰ?» «አልደረሰም።» «እንግዲያው ዛሬ እንደገና ይጠይቋቸው።» እንዲህ እያልን ደረሰ።

ከሁሉም በላይ የማልረሳላት ግን ኮንትራቱን ነው። መጀመሪያ የመጣው ደመወዙ ያጓጓል። ልፈርም ብዕር አንስቼ ነበር። እሷ ግን ቁጭ ብላ አብራኝ አነበበችው። የሚከፈለው በበረርክበት ሰዓት ብቻ ነው፤ ዝቅተኛ የሰዓት ዋስትና የለውም። እነሱ በ7 ቀን ማስጠንቀቂያ ያሰናብቱሃል፤ አንተ ግን ለመልቀቅ 3 ወር ቀድመህ መናገር አለብህ። ቀድመህ ከለቀቅህ የሥልጠናውን ወጪ ትመልሳለህ። «እኔ ብሆን አልፈርምም» አለችኝ። ብፈርም ኤጀንሲዋ ይከፈለው ነበር እኮ!

ሁለተኛው ከአምስት ሳምንት በኋላ መጣ። አውሮፕላኑ ከነሠራተኛው፣ ከነጥገናውና ከነኢንሹራንሱ ለሌላ አየር መንገድ የሚከራይበት ሥራ ነው። ደመወዙ ከመጀመሪያው ያንሳል። ግን ባልበርም እንኳ በየወሩ የሚከፈለኝ የተወሰነ ሰዓት አለው። 20 ቀን ሥራ፣ 10 ቀን እረፍት ነው፤ የመመላለሻ ቲኬቱንም እነሱ ይችላሉ። ጊዜው ያለፈብኝን የሲሙሌተር ፈተናም ቀጣሪው እንዲሸፍን አደረገች። አንድ ነገር ደግሞ እኔ ሳላስበው አስጨመረችልኝ፦ የቀድሞው አየር መንገዴ ከጠራኝ በ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ያለ ቅጣት መልቀቅ እችላለሁ። ለእኛ ለተቀመጥነው ከዚህ የሚበልጥ ዓረፍተ ነገር የለም። በቀድሞው አየር መንገዴ የሲኒየሪቲ ዝርዝር፣ ማለትም የአገልግሎት ቅደም ተከተል፣ ላይ ያለኝን ቦታ የዓመታት ድካም ነው ያመጣልኝ።

እውነቱን ለመናገር ቶሎ የምትገኝ ሰው አይደለችም። ብዙ ሰው ይዛለች፤ መልእክት ልካችሁ ሁለት ሦስት ቀን ልትጠብቁ ትችላላችሁ። ከያዘቻችሁ ግን አትለቃችሁም።

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴም አመስግንልኝ ብላለች።

እንደኔ ቤት የተቀመጣችሁ ፓይለቶች፣ ስልኳን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፤ እሷም ፈቅዳለች። ከመደወላችሁ በፊት ግን ሎግቡካችሁን ደምሩ፤ የሲሙሌተሩን ለብቻ።