ሳይክሌን ይዤ ሐዋሳ ሄጄ፦ ማርሹን ማን አበላሸው፣ ማን ሠራው

ሦስት ሳምንት ሐዋሳ ቤተሰብ ጋ ቆይቼ ወደ ዩትሬክት ተመለስኩ። የተጠቀምኩባቸውን አገልግሎቶች በሙሉ ልጻፍ ብዬ ተነስቼ ነበር፤ ግን ምን ላድርግ፣ አብዛኛው የማርሽ ጉዳይ ሊሆን ነው።

ሌላውን ቶሎ ልጨርስ። ፔንሲዮኑ ንጹሕ ነው። ሙቅ ውሃ ጠዋት አለ፣ ማታ እንደ ዕድልሽ ነው። ሳይክል ይዞ ክፍል መግባት አይቻልም አሉኝ፤ ዘበኛው ግን ከራሱ አልጋ አጠገብ አስሮልኝ በየማታው በጋቢ ጫፍ ይሸፍንልኝ ነበር። አሳ የበላሁት ሐይቁ ዳር ያለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል ነው። ጥብሱ እንደ ድሮው ነው፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም እንደ ድሮው ከጀርባሽ ቆመው አፍ አፍሽን ያያሉ። በቃ።

ወደ ሳይክሉ ልመለስ። ኮርሳ ነው፣ የእሽቅድምድም ሳይክል፤ ከኋላ 11 ማርሽ አለው። ከቤት ስነሳ ምንም አልነበረበትም። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ነው የመጣው፤ ካርቶኑ በቀኝ ጎኑ ተጋድሞ፣ በላዩ ላይ የሰው ሻንጣና አንድ ጆንያ ተጭኖበት። ጫኙ ልጅ "እህቴ፣ አታስቢ" ብሎ 300 ብር ተቀበለኝ። እኔም አላሰብኩም።

በማግስቱ ወደ ሻሸመኔ ወጣሁ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሻሸመኔ ከሐዋሳ ከፍ ስለምትል መንገዱ ቀስ እያለ ይወጣል። ጥቁር ውሃን እንዳለፍኩ ጉዱ ጀመረ። ትንንሾቹ ማርሾች ላይ ሰላም ነው። መሀል ላይ ሰንሰለቱ ይንኳኳል፣ አንዳንዴ ይዘላል። ትልቁ ማርሽ ላይ ስገባ መቀየሪያው፣ ሰንሰለቱን ከማርሽ ማርሽ የሚያሻግረው፣ ራጂውን (የጎማውን ሽቦዎች) ቲክ ቲክ ቲክ አድርጎ ነካው፤ ወዲያው ወረድኩ። መቀየሪያው አንዴ ራጂ ውስጥ ከገባ ራሱም ይሰበራል፣ ቸርኬውንም ይዞ ይሄዳል።

መጀመሪያ የገባሁት ዋናው መንገድ ላይ ያለ ሱቅ ነው። ስሙን አልጠራም። ልጁ "ምን ሆነ?" ሳይል ካቻቪቴ አነሳ። መቀየሪያው ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ቪቴዎች አንዱን ሲያጠብቅ አንዱን ሲያላላ ግማሽ ሰዓት ሄደ። እነዚያ ቪቴዎች እኮ ድንበር ናቸው፤ ሰንሰለቱ በትልቁ በኩል ራጂ ውስጥ፣ በትንሹ በኩል ደግሞ ወደ ውጭ እንዳይወድቅ ነው የሚከለክሉት። ትናንት ደህና የነበረ ቪቴ ካርቶን ውስጥ ተኝቶ ራሱን አይፈታም። ቀጥሎ ካቦውን፣ መቀየሪያውን የሚስበውን ሽቦ፣ ወጠረው። ቀጥሎ ደግሞ "ያረጀ ነው" ብሎ የካቦውን የመጨረሻ ሽፋን ቆርጦ የፍሬን ሽፋን ገጠመልኝ። የፍሬን ሽፋን ውስጡ ያለው ሽቦ የተጠመዘዘ ነው፣ ሲጎተት ትንሽ ይኮማተራል። የማርሽ ሽፋን ግን ሽቦው ቀጥ ብሎ የተደረደረ ነው፤ ለዚህ ነው በየጠቅታው እኩል የሚስበው።

1,500 ብር ከፍዬ ስወጣ ወደ ትልቁ ማርሽ መውጣት ቀርቷል፣ ወደ ትንሹም አልወርድም ብሏል። ጥፋቱ የኔም ነው። "ዲያስፖራ መጥታ ልታስተምረን" እንዳይሉኝ ፈርቼ አፌን ዘግቼ ቆሜ አየሁ።

የአክስቴ ልጅ ነው ሁለተኛው ጋ የወሰደኝ። ከፒያሳ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ዛፍ ሥር የሚሠሩ ጠና ያሉ ሰው ናቸው።

"ጋሼ፣ ማርሹ አልገባ ብሎኝ ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከጉዞ በኋላ።"

"በየትኛው ጎኑ ነው የተጫነው?"

ይህን ማንም አልጠየቀኝም ነበር። በቀኝ አልኳቸው። ቁጭ ብለው ከኋላ በአንድ ዓይናቸው አዩት፣ ከዚያ "ነይ እዪው" አሉኝ። የመቀየሪያው ሁለቱ ትንንሽ ጥርሳም ክቦች ሰንሰለቱ ካለበት ማርሽ ቀጥ ብለው ወደ ታች መሰለፍ አለባቸው። የኔ የታችኛው ወደ ራጂው ገብቷል።

"ልጄ፣ ማርሽሽ ደህና ነው። ጆሮው ነው የተጣመመው።"

ጆሮ ያሉት መቀየሪያው የሚታሰርበትን ትንሽ አሉሚኒየም ነው፣ ሀንገር የሚባለውን። ፍሬሙ ከሚጎዳ እሱ እንዲታጠፍ ተብሎ ነው ለስላሳ የሚሠራው። ባለ 11 ማርሽ ላይ ከአንዱ ማርሽ እስከ ቀጣዩ 4 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ስለዚህ ትንሽ ሲታጠፍ በአንዱ ጫፍ ብታስተካክዪው በሌላው ይበላሻል። ለካ ልጁ ያን ሁሉ ሲያዞር የነበረው ለዚህ ነው ያልሆነለት።

አሁን የወደድኩት ክፍል። ይህን ማቅኛ የሚሆን ልዩ መሣሪያ አለ፣ እሳቸው ግን የላቸውም። መቀየሪያውን በብሩጎላ ፈቱና ከአንድ አሮጌ ሳይክል የወጣ የኋላ ጎማ አምጥተው የፔርኖውን ጫፍ ጆሮው ቀዳዳ ውስጥ አሰሩት። የፔርኖውና የጆሮው ቀዳዳ የቪቴ ጥርስ አንድ ነው፣ 10 ሚሊ ሜትር። ሁለት ጎማ ጎን ለጎን ቆመ። በላይ፣ በታች፣ በፊት፣ በኋላ በስንጥር እየለኩ፣ ርቀቱ እኩል እስኪሆን ያንን ጎማ በቀስታ ገፋ አደረጉት። "ቀስ ነው፤ አሉሚኒየም አንዴ ይመለሳል፣ ደጋግመሽ ካጠፍሽው ይሰነጠቃል" አሉ።

ከዚያ ነው ቪቴዎቹ የመጡት፣ መጨረሻ ላይ ካቦው። ካቦው መቀየሪያው ጋ የሚገባበት ላይ በእጅ የምትዞር ነገር አለች። ወደ ትልቁ ማርሽ መውጣት ከዘገየ ከኋላ ሆነሽ ወደ ግራ ሩብ ዙር፣ ወደ ትንሹ መውረድ ከዘገየ ወደ ቀኝ ሩብ ዙር፣ ከዚያ ሞክሪ። በሁለቱም በኩል ከዘገየ ግን ማዞሩን ተይውና ካቦውን እዪው። እሳቸውም ካቦውን ከእጀታው አውጥተው አሳዩኝ፤ ጭንቅላቱ አጠገብ ሁለት ክሮች ተበጥሰዋል። እዚያ መበጠስ የኮርሳ የተለመደ በሽታ ነው፣ ከውጭ አይታይም። የተራራ ሳይክል የማርሽ ካቦ ነበራቸው፣ ጭንቅላቱ አንድ ስለሆነ ገባ። የፍሬኑንም ሽፋን ነቅለው ጣሉት።

ሁሉም ነገር ከነካቦው 700 ብር። አንድ ቅሬታ አለኝ፦ 3 ሰዓት ጠዋት ነይ ብለውኝ እሳቸው የመጡት 5 ሰዓት ነው፣ ስልክም አያነሱም።

በሦስተኛው ቀን ሻሸመኔ ደርሼ ተመለስኩ። ትልቁ ማርሽ ላይ ዝም።

ኮርሳ ይዛችሁ የምትሄዱ ሰዎች፣ ሀንገርና የማርሽ ካቦ ከነሽፋኑ ይዛችሁ ሂዱ፤ እጅ ሐዋሳ ሞልቷል፣ ዕቃው ነው የሌለው። ሀንገር ደግሞ ከፍሬም ፍሬም ይለያያል፣ የሌላ ሰው አይገጥምም። መቀየሪያውንም ፈትታችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ፍሬሙ ውስጥ እሰሩት፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ልሰናበታቸው ስሄድ ያንን የማቅኛ መሣሪያ ላምጣልዎት ብላቸው ጎማውን በእግራቸው ነካ አድርገው "ይሄ ይበቃኛል" አሉኝ። "የሰንሰለት መለኪያ ካገኘሽ ግን እሷን አምጪልኝ።" ገዝቻለሁ። ሻንጣዬ ኪስ ውስጥ ናት።