«አንዴ ከፍለው ዕድሜ ልክዎን ይስሙ» ከሚሉ የመኪና ሬዲዮ ገጠማ ሱቆች ተጠንቀቁ

በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የምትኖሩ፣ በተለይም ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ የምትውሉ ወገኖቼ፣ በመኪናችሁ ላይ የሳተላይት ሬዲዮ (ጣቢያዎቹ ከሳተላይት የሚመጡ፣ ለመስማትም የደንበኝነት ክፍያ የሚጠይቅ ሬዲዮ) እንገጥማለን፣ አንድ ጊዜ ብቻ ከፍላችሁ ዕድሜ ልካችሁን ትሰማላችሁ የሚሉ ሱቆችን እንዳታምኑ ለማሳሰብ ይህን ጽፌያለሁ። 480 ዶላር ተቀብለውኝ የሰጡኝ ዝም ያለ ሳጥን ነው፤ በላዩ ላይም ንቀት መርቀውልኛል። ንዴቴ ገና ስላልበረደ አንዳንድ ቦታ ቃሌ ቢጠነክር አትፍረዱብኝ።

የሱቁን ስም አልጠራም፤ ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። መስታወቱ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ተለጥፏል፤ ከባንኮኒው ኋላ የቡና ሲኒ አይጠፋም፤ በሩ ላይ ስትደርሱ «እንዴት ነዎት ጋሼ፣ ቤተሰብ ደህና?» የሚል ወጣት ይቀበላችኋል። የካርድ ማሽኑ ሁልጊዜ «ገና ዛሬ ጠዋት» የተበላሸ ነው። ዋጋ ስትጠይቁ ወረቀት ላይ አይጽፍም፤ «ከእርስዎ ጋር በዋጋ አንጣላም» ብሎ ያልፈዋል፣ እናንተም ከዚያ በኋላ መከራከሩ ነውር ይመስላችኋል።

እኔ የምሠራው በአብዛኛው ከዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ በማመላለስ ነው፤ ተራ በመጠበቅ የሚያልፈው ጊዜ ብዙ ስለሆነና ስልኬም የሥራ ጥሪ የሚቀበልበት በመሆኑ፣ የቢቢሲን ዜናና የቅዳሜ ማለዳውን የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ በመኪናው ሬዲዮ ለመስማት ከፈለግኩ ቆይቻለሁ። ካምሪዬ የሳተላይት መቀበያ ከፋብሪካ ይዛ የመጣች አይደለችም። ለእንዲህ ዓይነቷ መኪና ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። የመጀመሪያው ነባሩን ቴፕ አውጥቶ ሳተላይት መቀበል በሚችል ቴፕ መተካት፣ ከዳሽቦርዱ ጀርባ መቀበያውን በገመድ ማገናኘትና የክብሪት ሳጥን የምታህለዋን አንቴና በማግኔቷ ጣሪያው ላይ ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛው አንዲት ትንሽ መቀበያ ዳሽቦርዱ ላይ ለጥፎ ድምፁን በኤፍኤም ሞገድ ወደ ነባሩ ቴፕ መላክ ነው። ይኼኛው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን እንደ ዋሽንግተን ባለ፣ ከ88 እስከ 108 ያለው የኤፍኤም መስመር በጣቢያዎች በተጣበበበት ከተማ፣ ከአሌክሳንድሪያ ተነስታችሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ሳትደርሱ የሌላ ጣቢያ ማስታወቂያ እየጮኸ ይገባበታል። የተስማማሁት በመጀመሪያው ነበር፤ የተሠራልኝ ሁለተኛው ነው። እንዲያውም አንቴናዋን ከፊት መስታወቱ ሥር በጥቁር ፕላስተር ለጥፈዋት፣ የተረፈውን ገመድ ጠቅልለው ከመሪው በታች አንጠልጥለውት ስለነበር፣ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ከጉልበቴ ጋር ይጋጭ ነበር።

ይህ ሁሉ ግን ካስረከቡኝ ሰዓት ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው። ወጣቱ መኪናዋን ከሱቁ ፊት ለፊት ካለው ገላጣ ቦታ አቁሞ፣ እኔን ከጎኑ አስቀምጦ ሞተሩን ሲያስነሳ ጥርት ያለ ሙዚቃ ተሰማ። አሁን የማውቀውን ልንገራችሁ፦ የሳተላይት መቀበያ ምንም የደንበኝነት ክፍያ ባይፈጸምበትም፣ ቁጥር 1 ላይ ያለውን የማስተዋወቂያ ጣቢያ ያሰማል፤ የተዘጋጀው ገና ላልከፈለ ሰው ማጓጓያ እንዲሆን ነውና ማንም ይሰማዋል። የከፈተልኝም ይህንኑ ነው። በግራ እጁ የቴፑን ድምፅ ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ የቀኝ እጁን መዳፍ ደግሞ ፀሐይ እንዳያንጸባርቅበት የሚከልል አስመስሎ፣ የጣቢያው ቁጥር በሚነበብበት የመቀበያው መስኮት ላይ ዘርግቶታል። «ቢቢሲውስ? ኳሱስ?» ብዬ ወደ ቁልፉ ስንጠራራ እጄን በቀስታ ያዝ አደረገና «ጋሼ፣ ዛሬ አይንኩት፤ ከሳተላይቱ ጋር እስኪላመድ ሃያ አራት ሰዓት ይፈልጋል፣ ነገ ጠዋት ሁሉም ይከፈትልዎታል» አለኝ። ሳተላይት ከመኪና ጋር የሚላመድበት ጉዳይ የለም። አገልግሎቱን የሚከፍተው ትእዛዝ፣ መኪናው ሰማይ በሚታይበት ቦታ ሬዲዮው በርቶ ከቆመ፣ በደቂቃዎች ውስጥ የሚደርስ ነው። ልጁ ይህን በየቀኑ የሚሠራው ሥራ ስለሆነ አሳምሮ ያውቃል፤ ሃያ አራት ሰዓቱ የተፈለገው እኔ ከግቢው እንድወጣለት ነው።

በማግስቱ ከቁጥር 1 በቀር አንድም ጣቢያ ስላልተከፈተ ለአገልግሎቱ ባለቤት ደወልኩ። ሲሪየስና ኤክስኤም የተባሉት የሳተላይት ሬዲዮ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ከተዋሃዱ ወዲህ ይህን አገልግሎት በአሜሪካ የሚሰጠው አንድ ኩባንያ (ሲሪየስኤክስኤም) ብቻ ስለሆነ፣ የትኛውም ሱቅ ምንም ቢምል፣ ደንበኝነቱ በዚያ መዝገብ ላይ ከሌለ የለም ማለት ነው። ስልኩን ያነሳችው ሴት ጣቢያውን ወደ ዜሮ እንዳዞርና እዚያ የሚታየውን የመቀበያውን መለያ እንዳነብላት ጠየቀችኝ፤ ሳነብላትም መቀበያው ቀደም ሲል በሌላ ሰው ስም የነበረ፣ ሒሳቡም ከተዘጋ የቆየ መሆኑን ነገረችኝ። አዲስ ነው ተብዬ የከፈልኩበት ዕቃ አሮጌ ነው ማለት ነው።

ወደ ሱቁ ስመለስ አንድ ጎልማሳ ደንበኛ ድምፅ ማጉያ እያማረጠ ነበር። ወጣቱን በአማርኛ ሰላም አልኩት፤ ሰውየው እንዲሰማ ነው መሰለኝ በእንግሊዝኛ መለሰልኝ። ደረሰኙን አውጥቼ ስዘረጋለት ሳያነበው በጣቱ ታችኛውን መስመር መታ መታ አደረገ፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል፤ ከላይ ያለው «ገጠማና ማስተካከያ» ብቻ ነው፣ ስለ ዕድሜ ልክ አንዲት ፊደል የለችበትም። ቃል የገባችሁልኝ በአፋችሁ ነው ስለው፣ «ሬዲዮው አልዘፈነም? ዘፍኗል። ሰምተህ ነው የወጣኸው» አለኝ። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ ከጓሮው ብቅ ብሎ፣ ጉዳዩን እንኳ ሳይጠይቅ፣ «ዕድሜ ልክ ያልንህ የሬዲዮውን ዕድሜ ነው፤ ከሞተ እኛ ምን እናድርግህ?» ሲል ሁለቱም ሳቁ። ደንበኛውም ነገሩ ሳይገባው አብሯቸው ፈገግ አለ። ከዚያ ወጣቱ ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ሰውየው ዞረና «ይቅርታ ጋሼ፣ ይሄኛው ድምፁ ወፍራም ነው፤ ያዳምጡት» አለው።

ቀልዱ ከየት እንደተቀዳ የገባኝ ቆይቶ ነው። አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያበቃ የዕድሜ ልክ ደንበኝነት ድሮ በእርግጥ ይሸጥ ነበር፤ ዕድሜው የሰውየው ነው ወይስ የመሣሪያው የሚለው ጥያቄም ፍርድ ቤት ድረስ አከራክሯል። እነዚህ ሰዎች ያን የቆየ ስም አንስተው ምንም ዓይነት ደንበኝነት በሌለው ዕቃ ላይ ለጠፉት። አገልግሎት የሌለው መቀበያ ምን እንደሚሆን ደግሞ እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም ይልቅ እናውቃለን፤ በኢትዮጵያ የተወለደው ኖህ ሳማራ እ.ኤ.አ. በ1990 የመሠረተው ወርልድስፔስ የተባለ የሳተላይት ሬዲዮ ኩባንያ በ1998 አፍሪስታር የተባለችውን ሳተላይት አምጥቆ ለአፍሪካ ያሰራጭ እንደነበር፣ በ2008 ለኪሳራ በቅቶ ስርጭቱ ሲቋረጥም መቀበያዎቹ በየቤቱ እንደቀሩ የሚያስታውስ ብዙ ነው። ያ ቢሆን ኩባንያ ከስሮ ነው። የእኔው ሲሸጥልኝም ሙት ነበር።

አቤቱታዬን ለቨርጂኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አስገብቻለሁ፤ የሱቁን ስም እዚህ ያልጻፍኩትም መልሱን እየጠበቅኩ ስለሆነ ነው። ገንዘቡን የከፈልኩት በጥሬው በመሆኑ ባንክ ሊያስመልስልኝ የሚችለው ነገር የለም፤ በክሬዲት ካርድ ቢሆን ኖሮ ክፍያው የሰፈረበት መግለጫ ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መከራከር ይቻል ነበር።

ስለዚህ የካርድ ማሽን ከተበላሸበት ሱቅ ሳትከፍሉ ውጡ። የግድ የምታስገጥሙ ከሆነም ገንዘቡን ከመስጠታችሁ በፊት ጣቢያውን በራሳችሁ እጅ ወደ ዜሮ አዙሩና መለያውን ይዛችሁ እዚያው ቆማችሁ ለኩባንያው ደውሉ።