ኦዲት፣ ፒኤችኪው-9 እና አሲስት፦ የትኛው ይሻላል?
ጤና ጣቢያ ለምትሰሩ ልጆች የኔን ሃሳብ ልበል። ሦስቱም ታካሚን ስለ መጠጥ፣ ስለ ድብርት ወይም ስለ ሱስ የምንጠይቅባቸው፣ ነጥብ የሚሰጥባቸው መጠይቆች ናቸው፣ ነፃም ናቸው። ኦዲት ስለ መጠጥ 10 ጥያቄ ነው፣ ከ40 ይታሰባል፣ 8 እና ከዛ በላይ ካመጣ ቁጭ ብሎ ማውራት ነው። ችግሩ "ስንት መለኪያ ትጠጣለህ" የሚለው ላይ ነው፣ ቢራስ እሺ ይቆጠራል፣ የጠላና የአረቄ ጉልበት ግን እንደ ጠመቀችው ሴትዮ ነው፣ ጠጅ በብርሌማ ማን ሊያሰላው!

ፒኤችኪው-9 ያለፈውን 2 ሳምንት ድብርት ይጠይቃል፣ አሪፍ ነው፣ ግን ቃሚ ሲመጣ እንቅልፍ የለኝም ምግብ አልበላም ሲላችሁ ነጥቡ ይሰቀላል፣ ያ ድብርት ይሁን ምርቃና ወረቀቱ አይለይም፣ ስለዚህ መቼ ነው የቃምከው ብሎ መጠየቅ ግድ ነው፣ በነጋታው የሚመጣው ዱካክም አለ። 9ኛዋን፣ ራስን ስለመጉዳት የምትጠይቀውን፣ ድምሩ ትንሽ ቢሆንም እንዳትዘሏት።

የዓለም ጤና ድርጅቱ አሲስት ሲጋራ፣ መጠጥ፣ ካናቢስ ሁሉንም ባንዴ ይዟል፣ ጫት ግን "ሌላ" የሚለው ስር ነው የሚጻፈው፣ ለኛ አገር ያናድዳል፣ ስለ ድብርትም ምንም አይጠይቅም።

ለፒኤችኪው 4 ኮከብ፣ ለሌሎቹ 3። ወረፋ ከበዛባችሁ ኦዲትና ፒኤችኪውን አንድ ላይ ያዙ።