እሳት ለሚበላው ብረት የትኛው ሽፋን ይሻላል?

ተራ ብረት 570 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲያልፍ ጠባዩ ይለወጣል። በላዩ የሚፈጠረው ቅርፊት ቶሎ ይወፍራል፤ ሲቀዘቅዝ ይረግፋል፤ ከሥሩ የተጋለጠው ብረት ደግሞ እንደ አዲስ ይበላል።

ሽፋን ከመምረጣችሁ በፊት ሁለት ነገር ለዩ። ዕቃው ስንት ዲግሪ ይደርሳል? በቀን ስንት ጊዜ ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል? ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ይጠይቃል። እኔ ሁለተኛውን አስበልጣለሁ። ብረቱና ሽፋኑ ሲሞቁ እኩል አይለጠጡም፤ ይህ ሲደጋገም ሽፋኑ ይሰነጠቃል።

ርካሹ ምርጫ ቀልጦ የቆየ አሉሚኒየም ውስጥ የተነከረ ላሜራ ነው። የመኪና ማርሚታ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከዚህ ነው። እስከ 650 ዲግሪ አካባቢ በደንብ ያገለግላል። ችግሩ ብየዳው ላይ ነው፤ እሳቱ ያረፈበት ቦታ ሽፋኑን ያጣል፣ ዝገቱም ከዚያ ይጀምራል።

ከዚያ በላይ ለሚሞቅ ዕቃ እኔ የምመርጠው በአሉሚኒየም ዱቄት የሚጋገረውን ነው። ዕቃው ዱቄቱ ያለበት ሣጥን ውስጥ ይታሸግና በ900 ዲግሪ አካባቢ ለሰዓታት ይቆያል። አሉሚኒየሙ ላዩ ላይ አይለጠፍም፤ ወደ ብረቱ ይሰርጋል። ስለዚህ እንደ ቀለም አይላጥም። ሰልፈር ያለበትን ጭስም በደንብ ይቋቋማል። ግን ሽፋኑ ተሰባሪ ነው፤ ማጠፍም መቁረጥም ካለ ቀድማችሁ ጨርሱ።

በክሮሚየምም እንዲሁ ይሠራል። እዚህ ላይ የብረቱን የካርቦን መጠን ጠይቁ። ካርቦኑ ከበዛ ክሮሚየሙ ከሱ ጋር ተጣምሮ ጠንካራ ግን ስስ ሽፋን ይሆናል። እሱ የሚጠቅመው ይበልጥ ለፍትጊያ ነው።

ሣጥን ውስጥ የማይገባ ትልቅ ዕቃ ከሆነ ኒኬልና ክሮሚየም ቀልጦ ይረጭበታል። ካለበት ሳይነቀል መሥራት ይቻላል። ቀዳዳ ግን አያጣውም፤ ላዩ በደንብ ካልተፋቀም አይይዝም።

ዚንክ የተቀባውን ለዚህ ሥራ አትግዙ። ዚንክ ገና በ419 ዲግሪ ይቀልጣል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነውና። ሽፋን ብረቱን ከመበላት ያድነዋል እንጂ ጉልበት አይሰጠውም። ቀይ እስኪሆን ግሎ ጭነት የሚሸከም ተራ ብረት፣ ምንም ብትለብጡት ቀስ በቀስ ይጎብጣል። ለእንዲህ ያለው ሥራ ሽፋኑን ተዉትና 310 የሚባለውን ስቴንለስ ግዙ።