ቴሌብር፦ ሳልወድ ገብቼ የለመድኩት

ቴሌብር በ2013 ሲጀመር እኔ "ጥሬ ብር ይሻለኛል" ባይ ነበርኩ። ያስጀመረኝ ማስታወቂያ ሳይሆን ነዳጅ ነው። በ2015 አዲስ አበባ ላይ ነዳጅ በዲጂታል ብቻ ይከፈል ሲባል ሳልወድ በግዴ ገባሁ።

ያስለመደችኝ ግን አራት ኪሎ ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ ናት። ድሮ ዝርዝር አጥታ ጎረቤት ሱቅ ትሮጥ ነበር። አሁን ስልክ ቁጥሯን ካርቶን ላይ ጽፋ ከረከቦቱ አጠገብ አቁማለች። የኢንተርኔት ጥቅል ቢያልቅብኝም በ*127# እከፍላለሁ። ታዲያ መልእክቱ ስልኳ ላይ ካልገባ ንቅንቅ የለም። "ቆይ ጋሼ፣ አልገባም!" ትላለች። እውነቷን ነው። እኔም በአንድ ባንክ መተግበሪያ (ስሙን ልተወው) የላክሁት ብር 2 ቀን ተንጠልጥሎብኝ ያውቃል። እናቴማ እስካሁን እምቢ እንዳለች ናት፤ "ያልቆጠርኩት ብር የኔ አይደለም" ትላለች።