የተጎዳ የጀልባ መሪ፦ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

የብዙ ባለ ሸራ ጀልባዎች መሪ (ውሃ ውስጥ ሆኖ ጀልባዋን የሚያዞረው ሰሌዳ) ከውጭ የፋይበርግላስ ቅርፊት ነው፤ ውስጡ ፎም ነው። መሃሉን የስቴንለስ ስቲል ዘንግ ያልፍበታል፤ ዘንጉ ላይ የተበየዱ ብረቶች መሪውን ይይዙታል። ውሃ ብዙውን ጊዜ የሚገባው ዘንጉ ከላይ በሚወጣበት በኩል ነው።

ዋጋ፦ ጥገና ማለት ኢፖክሲ (ሲደርቅ የሚጠነክር ሙጫ)፣ የፋይበርግላስ ጨርቅና የብርጭቆ ወረቀት ነው። ጉልበቱ የራስ ከሆነ ርካሽ ነው። አዲስ ማሠራት ብዙ እጥፍ ያስወጣል።

ልፋት፦ ጥገናው እዚህ ላይ ያደክማል። መጀመሪያ ከታች በስቶ ውሃውን ማንጠፍጠፍ፣ ከዚያ ማድረቅ፤ ይሄ ብቻውን ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። የስንጥቁን ዙሪያም ሰፋ አድርጎ መሞረድ ያስፈልጋል፤ ለ1 ሚሊሜትር የቅርፊት ውፍረት 12 ሚሊሜትር ያህል ስፋት። ስቱኮ ለጥፎ ቀለም መቀባት ግን መሸፋፈን እንጂ ጥገና አይደለም። አዲሱ? ታዝዛላችሁ፣ ትጠብቃላችሁ፣ ትገጥማላችሁ።

ስጋት፦ ዋናው ጉዳይ ዘንጉ ነው። ስቴንለስ አይዝግም የሚባለውን አትመኑ። ኦክስጅን በሌለበት እርጥበት ውስጥ ከቆየ በዝገት ይበላል። ብየዳው ባሕር ላይ ከለቀቀ ዘንጉ ብቻውን ይዞራል፤ ጀልባዋ አትታዘዝም። አዲስ መሪ ይህን ጭንቀት ያስቀራል፣ ልኩ በትክክል ከተወሰደ።

ጉዳቱ ላይ ላዩን ከሆነና በመዶሻ መታ መታ ሲደረግ የባዶ ድምፅ ካልሰጠ ጠግኑት። ዝገት የቀላቀለ ውሃ ከወጣ ወይም መሪው ዘንጉ ላይ ከተወዛወዘ፣ በተለይ ከባሕር ዳርቻ ርቃችሁ የምትሄዱ ከሆነ፣ አዲስ አሠሩ።