የጃፓን ቀደምት የአውሮፕላን ሞተሮች ሰንጠረዥ፦ ባሕር ዳር የታተመው እንዴት ነው?

ባሕር ዳር የታተመው ይህ የግድግዳ ሰንጠረዥ ለጎጃም የቴክኒክ ኮሌጆች በጣም ይጠቅማል፤ በተለይ ስያሜውን ስላጠራው። የጃፓን ምድር ጦርና ባሕር ኃይል አንዱን ሞተር በየራሳቸው ስም ይጠሩት ስለነበር ጀማሪ ሁለት ሞተር ይመስለዋል። እዚህ ግን የባሕር ኃይሉ «ሳካኤ»፣ የምድር ጦሩ «ሃ-25» እና በኋላ የመጣው የጋራ መጠሪያ «ሃ-35» በአንድ ረድፍ ሰፍረዋል፦ 14 ሲሊንደር፣ ቦር (የሲሊንደሩ የውስጥ ስፋት) 130፣ ስትሮክ (ፒስተኑ የሚጓዘው ርቀት) 150 ሚሊ ሜትር፣ የሲሊንደሮቹ ጠቅላላ ይዘት 27.9 ሊትር ገደማ። ግሩም ሥራ ነው!

የሞተሮቹ የዘር ሐረግ ላይ ግን መታረም ያለበት አለ። ሰንጠረዡ «ኮቶቡኪ» የተባለውን የጃፓን ሞተር የእንግሊዙ ብሪስቶል ጁፒተር ሞተር ቅጂ ብሎታል። የጃፓኑ የአውሮፕላን ኩባንያ ናካጂማ ጁፒተርን በፈቃድ አምርቷል፤ ኮቶቡኪን ግን ያንን ልምድ ይዞ ራሱ ነው የነደፈው። ሁለቱም 9 ሲሊንደርና 146 ሚሊ ሜትር ቦር አላቸው፤ ስትሮኩ ግን ከ190 ወደ 160 ወርዷል። ቦሩን ብቻ ያየ ሰው መሳሳቱ አይቀርም። የካዋሳኪ «ሃ-40» እና የአይቺ «አትሱታ» ምንጫቸው የጀርመኑ ዳይምለር-ቤንዝ ዲቢ 601 ሞተር መሆኑን ግን ሰንጠረዡ በትክክል አስቀምጧል።

ላሚኔሽኑ (የፕላስቲክ ሽፋኑ) ከወረቀቱ ጠርዝ እኩል ስለተቆረጠ በክረምት እርጥበት ገብቶ ይላቀቃል። ስታዝዙ ዙሪያውን 1 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ፕላስቲክ እንዲተዉላችሁ ንገሯቸው።